ሰምቶ ስለ መፍረድ፤ በብሪታንያ ስለ ጾታ ከተደረገው ክርክር የሚገኝ ትምህርት

ኒቆዲሞስ በአይሁድ ሸንጎ መካከል ተነሥቶ ያቀረበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ያልተሰማ ሰው እንዴት ይፈረድበታል የሚል ነው። የተሰጠው መልስ ግን የጥያቄው መልስ አልነበረም፤ አንተም ከዚያ ወገን ነህን የሚል ዘለፋ ነበር እንጂ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ክርክር በጋለ ቍጥር ጥያቄውን ትቶ የጠያቂውን ወገን መመርመር የሰው ሁሉ ልማድ ሆኖ ኖሯል።

በዚህ ወር ትምህርታችን ይህን ልማድ በአንድ የውጭ አገር ክርክር ላይ ልንመለከተው አስበናል። ክርክሩም በታላቋ ብሪታንያ ስለ ጾታ የተነሣው ነው። በለንደንና በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች የሚኖሩ ምእመናን ራሳቸው በሥራ ቦታ፥ ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት የሚያገኙት ነገር ስለ ሆነ፥ ካህናትን መጠየቃቸው አይቀርም። ካህን ደግሞ ያላወቀውን ነገር ቢመልስ ጠያቂውንም ራሱንም ይጐዳል። ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን እንስማ፤ ከዚያ በኋላ የሚገባውን እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ስለ ቃሉ

ጾታ የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ወገን፥ ክፍል፥ ዓይነት ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ሦስቱ ጾታ ምእመናን ስንል ካህናትን፥ ወንዶችንና ሴቶችን ማለታችን ነው፤ በዚህ አገባብ ካህናት ለብቻቸው አንድ ጾታ ሆነው ይቈጠራሉ። ይሁን እንጂ በመታወቂያ ወረቀት ላይ ጾታው ሲጠየቅ ካህን ብሎ የሚጽፍ ቄስ የለም። አንዱ ቃል እንደ አገባቡ ሌላ ነገር ያመለክታልና፥ አገባቡን ያላወቀ ሰው ቃሉን አውቄአለሁ ሊል አይችልም።

እንግሊዞች ለዚህ ነገር ሁለት ቃላት አሏቸው፤ ሴክስና ጀንደር ይሏቸዋል። የመጀመሪያው ሰው በተፈጥሮ ሰውነቱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ያመለክታል። ሁለተኛው ሰው በኅብረተሰብ መካከል እንደ ወንድ ወይም እንደ ሴት የሚኖርበትንና ራሱን የሚያውቅበትን ሁኔታ ለማመልከት ያገለግላል። ዳሩ ግን በዕለት ንግግርም በሕግም አንዱን በሌላው ስፍራ ሲያገቡት ኖረዋል። በልደት በተመዘገቡበት ሳይሆን በሌላው ጾታ ራሳቸውን የሚያውቁትንና በዚያው ለመኖር የሚፈልጉትን ሰዎች ትራንስጀንደር ይሏቸዋል።

የቃል አለመጥራት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታወቃል። በ2021 ዓ. ም. በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 262,000 ያህል ሰዎች፥ ማለት ከመቶው ግማሽ እጅ፥ ራሳቸውን የሚያውቁበት ጾታ በልደት ከተመዘገበው የተለየ መሆኑን መለሱ። በኋላ ግን እንግሊዝኛ እምብዛም የማያውቁ ሰዎች ጥያቄውን በትክክል ሳይረዱት እንዳልቀረ ተገመተ። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱም በ2024 ዓ. ም. አኀዙን ከሙሉ ደረጃው ዝቅ አድርጎ፥ ገና በመሻሻል ላይ ካሉት ጋር አሰለፈው። ጥያቄው ግልጥ ካልሆነ መልሱን በሺህ ቢቈጥሩት እርግጥ አይሆንም።

የመጀመሪያው ወገን የሚለው

ክሪስቲን ጉድዊን የተባሉት ብሪታንያዊት በልደት መዝገብ ወንድ ተብለው ተመዝግበው ነበር፤ በሕክምና እርዳታም እንደ ሴት ይኖሩ ጀመር። የመንግሥት መዝገብ ግን ወንድ ማለቱን አልተወም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ሴቶች ጡረታ በሚያገኙበት በ60 ዓመታቸው ተከልክለው፥ እንደ ወንዶች እስከ 65 ዓመት ይጠብቁ ተባሉ። ቀጣሪ ቢኖርም ከመድን ቍጥራቸው ተነሥቶ የቀድሞ ታሪካቸውን ሊደርስበት ይችል ነበር። በስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2002 ዓ. ም. ጕዳዩን መርምሮ፥ መንግሥት መብታቸውን እንደ ጣሰ ፈረደ።

ከዚህም የተነሣ የብሪታንያ ምክር ቤት በ2004 ዓ. ም. አንድ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፥ የሐኪም ማስረጃ ያለው፥ ሁለት ዓመት በመረጠው ጾታ የኖረና እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያው ለመኖር ቃል የሚሰጥ ሰው፥ ጾታው በሕግ መለወጡን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያገኛል። ቀዶ ሕክምና ማድረግ ግን በሕጉ ግዴታ አልሆነም።

የዚህ ወገን ልመና በአጭሩ ይህ ነው፤ ሥራ ሠርተን፥ ቤት ተከራይተን፥ ታመን ታክመን፥ ሳንዋረድና ሳንመታ እንኑር የሚል ነው። ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። በየካቲት ወር 2023 ዓ. ም. በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ አንዲት የ16 ዓመት ትራንስጀንደር ታዳጊ በሁለት እኩዮችዋ በስለት ተወግታ ተገደለች። ዳኛይቱም ከገዳዮቹ አንዱን ካነሣሡት ምክንያቶች ውስጥ በትራንስጀንደርነትዋ ላይ የነበረው ጥላቻ እንደሚገኝበት ተናገሩ። የሟችዋ እናት ግን ከኀዘናቸው ሳይጽናኑ፥ የገዳይቱን እናት እንደማይወቅሱና ሊያነጋግሩአቸውም ፈቃደኛ እንደ ሆኑ በአደባባይ ገለጹ። ይህን የሰማ ሰው ስለዚህ ነገር በሚናገርበት ጊዜ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ይገባዋል።

ሁለተኛው ወገን የሚለው

ሴቶቹ የሚሉትም እንዲሁ በደንብ መሰማት አለበት። በእንግሊዝና በዌልስ በሚደረገው የወንጀል ጥናት ግምት መሠረት፥ ከአራት ሴቶች አንዷ ገደማ ዕድሜዋ 16 ዓመት ከሞላ በኋላ በሆነ ጊዜ የመደፈር ወይም ሌላ የወሲብ ጥቃት ደርሶባታል። በ2021 ዓ. ም. በለንደን ከተማ አንዲት ሴት ማታ በእግርዋ ወደ ቤትዋ ስትሄድ ተጠልፋ ተገደለች፤ ገዳይዋም በፖሊስነት የሚያገለግል ሰው ነበረ፤ ያስቆማትም የፖሊስ መታወቂያውን አሳይቶ ነው። እንግዲህ ሴቶች የራሳቸው መጠለያ፥ የራሳቸው መታጠቢያና የራሳቸው የሆስፒታል ክፍል እንዲኖራቸው የሚጠይቁት ወንድን ሁሉ ክፉ ነው ብለው አይደለም። ክፉውን ከደጉ በዓይን ለይቶ ማወቅ ስለማይቻል አጥሩ ለሁሉ ይቁም ማለታቸው ነው።

በታኅሣሥ ወር 2022 ዓ. ም. የስኮትላንድ ምክር ቤት የ2004ቱን ሕግ የሚያቃልል ረቂቅ በ86 ድምፅ በ39 ተቃውሞ አጸደቀ። ረቂቁ የሐኪም ማስረጃን የሚያስቀር፥ ዕድሜውንም ወደ 16 ዓመት የሚያወርድ ነበር። የለንደን መንግሥት በጥር ወር 2023 ዓ. ም. ረቂቁ ሕግ እንዳይሆን አገደ። በዚያው ወር ሁለት ሴቶችን በመድፈር ጥፋተኛ የተባለ አንድ እስረኛ ከተከሰሰ በኋላ ሴት ነኝ በማለቱ፥ በመጀመሪያ ወደ ሴቶች ወኅኒ ተወሰደ። ለብቻው ተለይቶ ቢያዝም ሕዝቡ ስላጕረመረመ፥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ወንዶች ወኅኒ ተዛወረ። ሴቶቹ ስንፈራው የነበረው ይህ ነው አሉ። ትራንስጀንደሮቹም በአንድ ወንጀለኛ ምክንያት ሁላችንም እንደ ወንጀለኛ ልንታይ አይገባንም፤ ወደ ወንዶች ክፍል ብንላክ እኛም የምንደፈርበት አደጋ አለ ሲሉ መለሱ። ሁለቱም አነጋገር እውነት አለበት፤ አንዱም ሌላውን አያፈርሰውም።

ሦስተኛው ወገን የሚለው

ሦስተኛው ነገር የመናገር ነጻነት ነው። ማያ ፎርስታተር የተባሉ ሴት ሰው የተወለደበትን ጾታ ሊለውጥ አይችልም የሚለውን አስተያየታቸውን በአደባባይ ስለ ጻፉ፥ የሥራ ውላቸው ሳይታደስ ቀረ። ነገሩን በመጀመሪያ ያዩት ዳኛ እንዲህ ያለው አስተያየት በዲሞክራሲ አገር ሊከበር የሚገባው አይደለም ብለው ፈረዱባቸው። በ2021 ዓ. ም. ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ይህን ፍርድ ሽሮ፥ እምነታቸው በሕግ የተጠበቀ ነው አለ። ከዚያም በ2022 ዓ. ም. አድልዎ እንደ ተፈጸመባቸው ተረጋግጦ፥ በ2023 ዓ. ም. ከ100,000 ፓውንድ በላይ ካሣ ተወሰነላቸው። ነገር ግን ያው የይግባኝ ፍርድ ቤት እምነትን መያዝ አንድ ነገር፥ በዚያ እምነት ሰውን ማሳደድ ሌላ ነገር መሆኑን አልሸሸገም፤ ይህ ፍርድ ትራንስጀንደሮችን እንደ ልብ ለማዋረድ ፈቃድ አይሆንም ሲል ገልጿል።

በጥቅምት ወር 2021 ዓ. ም. ደግሞ በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህርት የነበሩት ካትሊን ስቶክ፥ ስለ ጾታ በጻፉት ነገር ምክንያት ፊታቸውን የሸፈኑ ተቃዋሚዎች እንዲባረሩ ስለ ጮኹባቸው ሥራቸውን ለቀቁ። በስኮትላንድም የጥላቻ ንግግርን የሚቀጣ ሕግ በ2024 ዓ. ም. ሚያዝያ መባቻ በሥራ ላይ ሲውል፥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ7,000 በላይ አቤቱታ ለፖሊስ ቀረበ፤ በወንጀልነት የተመዘገበው ግን ከመቶው አራት ያህሉ ብቻ ነበር። ሕጉ ትራንስጀንደርነትን ጠቅሶ ሲጠብቅ፥ ሴትነትን ግን ከተጠበቁት መካከል አልዘረዘረም ነበር። ሴቶቹ በዚህ ማዘናቸው አያስደንቅም። በሌላው ወገን ደግሞ ዕለት ዕለት ሲዘለፍ የሚውል ሰው ውሎ አድሮ ከቤቱ መውጣት ይተዋል፤ እርሱም የመናገር ነጻነቱን ያጣል። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ ቃል ከተለቀቀ በኋላ የሚደርስበትን ተናጋሪው ራሱ አያውቀውም።

ሦስቱ የተገናኙበት ስፍራ

እነዚህ ሦስት ነገሮች ተለያይተው ሲነገሩ ቀላል ይመስላሉ፤ ጭንቁ የሚታወቀው በአንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ነው። በኤድንብራ ከተማ ለተደፈሩ ሴቶች እርዳታ የሚሰጥ አንድ ማእከል አለ። ወደዚያ የመጣች አንዲት ተጠቂ የምታነጋግራት ሠራተኛ ሴት ትሁን ወንድ ለማወቅ ጠየቀች። በማእከሉ የምታገለግል ሌላ ሠራተኛም ለዚህች ተጠቂ ምን ብለን እንመልስላት ብላ አለቆችዋን ጠየቀች። ለጥያቄዋ መልስ ከመስጠት ይልቅ የሥነ ሥርዓት ምርመራ ተከፈተባት፤ እርስዋም ሥራዋን ለቀቀች። የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቱ በ2024 ዓ. ም. ሠራተኛይቱ በእምነትዋ ምክንያት እንደ ተበደለችና ሥራዋን እንድትለቅ እንደ ተገደደች ፈረደ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፥ የኒቆዲሞስን ነገር አስታውስ። ያቺ ተጠቂ የጠየቀችው ስለ ሰውነትዋ ነበር፤ ያቺ ሠራተኛም የጠየቀችው ስለ ተጠቂዋ ነበር። የማእከሉ አለቆች ግን ጥያቄውን ሳይሆን የጠያቂዋን ወገን መረመሩ። ትራንስጀንደሮችን ለመጠበቅ አስበው ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ ማንም አልተጠቀመም። ጥያቄው በቅንነት ተመልሶ ቢሆን ኖሮ፥ ለተጠቂዋ የምትፈልጋትን አነጋጋሪ መስጠት፥ ሌላውንም ሠራተኛ ሳያዋርዱ በሌላ ሥራ ማሰማራት በተቻለ ነበር።

ነገሩ እስከ ታላቁ ፍርድ ቤት የደረሰውም በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ስኮትላንድ በ2018 ዓ. ም. ባወጣችው ሕግ ከመንግሥት ቦርድ አባላት እኩሌታው ሴቶች እንዲሆኑ አሰበች። በዚህ ሕግ ሴት ማለት ምስክር ወረቀት ያላቸውን ትራንስጀንደሮች ይጨምራልን ወይስ አይጨምርም የሚል ክርክር ተነሣ። ሚያዝያ 16 ቀን 2025 ዓ. ም. አምስቱ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በ88 ገጽ ፍርዳቸው በአንድ ድምፅ ወሰኑ፤ በ2010 ዓ. ም. በወጣው የእኩልነት ሕግ ውስጥ ሴት የሚለው ቃል በተፈጥሮ ሴት የሆነችውን ያመለክታል አሉ። ቃሉን የተረጐሙት ለዚያ ሕግ ብቻ እንጂ፥ በአደባባይ ያለውን ክርክር ሁሉ ለመፍታት እንዳልሆነም ገለጹ። ትራንስጀንደሮች ከአድልዎና ከወከባ የሚጠበቁበት አንቀጽ በዚያው ሕግ ውስጥ እንዳለ እንደሚጸና ተናገሩ። ፍርዱን ያነበቡት ሎርድ ሆጅም ይህን ለአንዱ ወገን በሌላው ላይ የተገኘ ድል አድርጎ ማንም እንዳይቈጥረው አስጠነቀቁ።

በዚህ ፍርድ አንድ ልንሸፍነው የማይገባን ነገር አለ። ቀድሞ ዳኛ የነበሩትና ራሳቸው ትራንስጀንደር የሆኑት ቪክቶሪያ ማክላውድ ቃላቸውን ለፍርድ ቤቱ ለማቅረብ ጠይቀው አልተፈቀደላቸውም። ለትራንስጀንደሮች መብት የቆመ የሰብአዊ መብት ድርጅት ክርክሩን ማቅረቡ እውነት ነው፤ የስኮትላንድ መንግሥት ጠበቆችም በዚያው መንገድ ተከራክረዋል። ቢሆንም ነገሩ በቀጥታ የሚነካቸው ሰዎች በራሳቸው አፍ አልተናገሩም። የፍርዱ ነገር ትክክል ነው ብሎ የሚያምን ሰው እንኳ፥ ሳይሰሙ ተፈረደ የሚለው ቅሬታ ከየት እንደ መጣ ሊያስተውል ይገባዋል። ተሰምቶ የተረታ ሰው ሊያዝን ይችላል፤ ሳይሰማ የተረታ ሰው ግን ፍርዱን አይቀበልም። ፍርዱ በየሆስፒታሉና በየመሥሪያ ቤቱ እንዴት ይፈጸም የሚለው ክርክርም ከፍርዱ በኋላ ቀጥሏል።

ከዚህ የምንማረው

በትርጓሜ ቤት የተማርን ሁሉ እንደምናውቀው፥ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ሲተረጕም የአንዱን ሊቅ ሐሳብ ተናግሮ፥ አንድም ብሎ የሌላውን ያመጣል። የላይ ቤትና የታች ቤት ባልተስማሙበት ስፍራም የሌላውን ቤት ትርጓሜ ሳይቈርጥ ሳያጣምም ይናገረዋል። እኛም በተማርንበት ጉባኤ መምህራችን ተማሪውን የሚፈትኑት በራሱ ቤት ትርጓሜ ብቻ አልነበረም፤ የሌላውን ቤት ትርጓሜ የዚያ ቤት ልጅ እንደሚናገረው አድርጎ እንዲናገር ያዙት ነበር። አሳንሶ ወይም አጣምሞ የተናገረ እንደ ሆነ ገና አልሰማህም ብለው ያስቀምጡታል። ያን ጊዜ ፈተናው የማስታወስ ችሎታ ብቻ ይመስለን ነበር፤ አሁን ግን የፍትሕም ትምህርት እንደ ነበረ አስተውለናል።

ፍትሐ ነገሥት ስለ ዳኞች በሚናገርበት አንቀጽ ዳኛ በተከራካሪዎች መካከል እንዳያዳላ የሚያዝዘውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚገባ ሰው፥ ካህንም ቢሆን ምእመን፥ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ቢመለከት ይጠቅመዋል።

አንደኛ፥ ስለ ሥራ፥ ስለ ደመወዝ፥ ስለ ቤት፥ ስለ ሕክምና፥ ስለ ሰላምታም በሚሆን ነገር ሁሉ፥ ትራንስጀንደር የሆነውን ሰው ከሌላው ለይቶ ለማጕደል ምክንያት የለም። እንጀራው ሊቀማ፥ ወይም በመንገድ ሊዘለፍ አይገባም።

ሁለተኛ፥ ሰው ልብሱን በሚያወልቅበት፥ የተጐዳች ሴት በምትጠለልበት፥ እስረኛ በሚታሰርበት ስፍራ፥ ስለ ተፈጥሮ ሰውነት መጠየቅ ጥላቻ አይደለም፤ የ2010ሩ የእኩልነት ሕግም በቂ ምክንያት እስካለ ድረስ እንዲህ ያለውን መለየት ይፈቅዳል። ነገር ግን የሚለየው ሰው ወዴት ይሂድ የሚለውን ሳይመልሱ በሩን መዝጋት የሥራውን እኩሌታ ብቻ መሥራት ነው። ለሴቶች አጥር ያጠረ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ለቀረው ሰው ደግሞ አደጋና ነውር የሌለበትን ስፍራ ሊያስብለት ግዴታ አለበት።

ሦስተኛ፥ ስለ ነገሩ መጠየቅና አስተያየትን መግለጽ ለሁሉም የተፈቀደ ይሁን፤ አንዱን ሰው ለይቶ በቃል ማሳደድ ግን ለማንም አይፈቀድ። ይህ ወሰን እኛንም ይጠብቀናል፥ እኛንም ያስረናል። ቤተ ክርስቲያን ሰው ወንድና ሴት ሆኖ እንደ ተፈጠረ ታስተምራለች፤ ይህንም ሳንሸሽግ እንናገራለን። በ2021 ዓ. ም. የተሰጠው የይግባኝ ፍርድ በብሪታንያ ለሚኖር ካህን ጥላ የሚሆነውን ያህል፥ ትምህርቱን ሰውን ለማዋረድ እንዳይጠቀምበት ደግሞ ይከለክለዋል። ትምህርታችንን ማጽናታችን የሌላውን ቃል አጣምመን እንድንናገር ፈቃድ አይሰጠንም።

በመጨረሻ ለካህናት ወንድሞቻችን አንድ ነገር እናሳስባለን። ይህ ነገር አንድ ቀን በዐውደ ምሕረት ሳይሆን በንስሐ ልጅ አፍ ወደ እናንተ ይመጣል። አንዲት እናት ልጄ እንዲህ አለኝ ብላ እያለቀሰች ትመጣለች፤ ወይም አንዲት ሴት በሥራ ቦታዬ ልብሴን ስለውጥ እፈራለሁ፥ ብናገር ግን ከሥራ እባረራለሁ ትላለች፤ ወይም ልጁ ራሱ ይመጣል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ቃላችሁ ዝምታ ይሁን፤ እስኪጨርሱ ስሙ። ከዚያም የሰማችሁትን በራሳችሁ አፍ መልሳችሁ ንገሩአቸው፤ አዎን፥ ያልሁት ይህን ነው እስኪሉ ድረስም ምክራችሁን አትጀምሩ። በንስሐ የሰማችሁት ይቅርና በመንገድ የሰማችሁትም እንኳ ለስብከት ማሳቂያ አይሁን፤ ከምትስቁበት ሰው እናት ጋር በአንድ ቅዳሴ ቆማችሁ ይሆናልና።

የኒቆዲሞስ ጥያቄ በሸንጎው መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። በየቤታችን፥ በየጉባኤያችንና በየሸንጎአችን መልስ እንዲያገኝ ማድረግ ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።